ኮሎኔሉ የረከሰ ቀን

ስሙኝማ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ይቺን ነገር ስሙኝ። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፣ አልከለክልም፤ ግን ሳትጨርሱ እንዳትሄዱ።

ያን ቀን ከእንጅባራ ገበያ ወደ መናኸሪያ እየነዳሁ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ መንገዱ ጭቃ፣ ባጃጄ እንደ ጉንፋናም ታነጥሳለች። ከኋላ የተሳፈረችው አበቡ ናት፤ የአዘና ገጠር ልጅ፣ ዘጠነኛና አስረኛን አብረን የተማርን፣ አሁን ከሰል ትነግዳለች። ጆንያዋን በጉልበቷ ደግፋ ወደኔ ጠጋ አለችና፣

«ሰምተሃል አይደል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቲቸር አንጓች እኮ አረፈች። ወባ ነው አሉ። ዳንግላ አምጥተው ቀበሯት።»

መሀል መንገድ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረ ባለጋሪ ፈረሱን በግድ አቁሞ «ምናባክ ሆነሃል! እዚሁ ልታድር ነው?» ብሎ ሰደበኝ። እኔ ሌላ ጊዜ የሰው ስድብ ሳልመልስ የማድር ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አፌ አልከፈት አለኝ።

አልከፈት አለኝ ስል ራሱ እሷ ናት ትዝ የምትለኝ። «ክፍት ነው?» ነበር ሰላምታዋ። ሱቅ ስትገባ «ክፍት ነው?»፣ ቢሮ ስትገባ «ክፍት ነው?»፣ ሰው ቤት ለለቅሶ ስትሄድ እንኳ ከአፏ ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን ትነክሳለች።

የኮምፒውተር አስተማሪያችን ነበረች። «ነበሩ» ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ወጉ እሱ ነው። ግን መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ብላት «እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ የለም! እርስዎን አክስትህ ስትመጣ በላት። እኔን አንቺ በለኝ» ብላ ክፍል ሙሉ ሰው አሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ናት።

የዳንግላ ልጅ ናት፤ ረዥም፣ ድምጿ ወፍራም፣ በጋም ይሁን ክረምት ቦቲ ጫማዋን የማታወልቅ። ጸጉሯ ውስጥ ካቻቢቴ ትሰካለች፣ ሌላ ሴት ሚዶ እንደምትሰካው። ኮቷ ኪስ ውስጥ ደግሞ የተቀቀለ ድንች አይጠፋም። ድንቹን በዚያችው ካቻቢቴ እየላጠች ታስተምራለች። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ በዚሁ ነው እንዴ ኮምፒውተሩንም የምትፈቺው?» ቢላት፣ «ታዲያ ኮምፒውተራችን ለምን ወዝ ያለው መሰለህ?» አለችው።

የተዘጋ ነገር ስታይ ያማታል። የዳይሬክተሩን ጃንጥላ ፈታለች፣ የጥበቃውን የባሻ ተገኘን ሬዲዮ ፈታለች። ፈታ ደግሞ ሁሌ በደንብ አልገጠመችም፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ የባሻ ሬዲዮ እስከ ዛሬ አንድ ብሎን ጎድሏታል። ባሻ ሲቆጡ «የማትከፍተው ዕቃ ያንተ አይደለም፤ አንተ ነህ የሱ» ትላለች። «እሱስ ይሁን፣ ብሎኔስ?» ይሏታል እሳቸው።

የኮምፒውተር ክፍሉን፣ ላቡን፣ የከፈተችው እሷ ናት። ከውጭ በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች መጋዘን ውስጥ አይጥ ሲጫወትባቸው አገኘቻቸውና አውጥታ፣ ጠርጋ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻውን ሲስተም ጫነችባቸው። መጀመሪያ ቀን ክፍሉ ፊት ቆማ፣ «የዚህ ሲስተም ልቡ ከርነል ይባላል። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ ሁሉን የሚያዘው ከርነሉ ነው» አለችን። ባሻ ተገኘ በሩ ላይ ናቸው። የድሮ ወታደር ናቸው፣ ጆሯቸው ደግሞ የሚሰማው የለመደውን ነው። ቀጥ ብለው ቆሙና፣

«የቱ ኮሎኔል ነው የመጣው?» አሉ።

በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሎኔል ሆኖ ቀረ። ባሻ ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍቱ «ኮሎኔሉ ተነሳ ወይ?» ይላሉ፤ እሷ ቁልፉን ተጭና ስክሪኑ ሲበራ «ተነስቷል ባሻ፣ ሰላምታ ስጡት» ትላለች።

አበቡ ያኔ ድምጿ አይሰማም ነበር። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ነው፤ ቤቷ አገውኛ ነው የሚነገረው። አንድ ቀን ግን እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ነጻ ከሆነ ታዲያ ማን ሰራው?» አለች።

«አባትሽ ወንፈል ይወጣሉ?» አለቻት ቲቸር።

«ይወጣሉ።»

«ማን ይከፍላቸዋል?»

«ምን ክፍያ አለው? የሰው አርሰው ይመጣሉ፣ በተራቸው ደግሞ የኛን ይመጡልናል።»

«አበቃ! ይሄም ወንፈል ነው። የዓለም ወንፈል። የማናውቀው ሰው የማናውቀው አገር ተቀምጦ አርሶልናል። ህጉ አጭር ነው፤ ውሰድ፣ ተጠቀምበት፣ ካልተመቸህ ለውጠው፣ ለጎረቤትህ ስጥ። ስትሰጥ ግን እንዴት እንደሰራኸው እንዳትደብቅ። ክፍት ሆኖ አግኝተኸው ዘግተህ አታሳልፈውም። ይሄን ህግ ፈቃድ ይሉታል፤ እኔ ወንፈል ነው የምለው።»

ቀጠለች። ድንቿን ጎርሳ ነው የምታወራው። «እያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ሾፌር የሚባል የሚነዳው ፕሮግራም አለው። ማውስ ሾፌር አለው፣ ፕሪንተር ሾፌር አለው። ኮሎኔሉ ያዛል፣ ሾፌሩ ይነዳል። ሾፌሩም ክፍት ሲሆን፣ ቢታመም ሌላ ሰው መሪውን ይይዛል። ግን አንዳንድ ካምፓኒ አለ፣ ሾፌሩን ቆልፎ የሚሰጥ። ወንፈል መጥቶ ሞፈሩን በጨርቅ ሸፍኖ የሚያርስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሳቅን። ማን አይቶ ያውቃል?

«ሲያርስስ ያርሳል። የተሰበረ ቀን ግን የት ጋ እንደተሰበረ ማን ያይለታል?»

ክፍት ነው ስትል ደግሞ በአፏ ብቻ አልነበረም። አንድ ጠዋት ገብተን ስናበራ፣ ስክሪኑ ላይ «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «አስቀምጥ» የሚሉት ቃላት አገውኛ ሆነው ቁጭ ብለዋል። አበቡ ጮክ ብላ አነበበችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እናቷ ስትጠራት የሰማች ነው የምትመስለው።

«ቲቸር፣ ማን ፈቀደልሽ?» አለቻት።

«የሰሩት ሰዎች ናቸዋ! ሲሰሩት ነው አብረው የፈቀዱልኝ። ዳይሬክተር አልጠይቅ፣ ሚኒስትር አልጠይቅ። ለዚህ ነው የምወደው።»

ከዚያ ወዲህ አበቡን ከላቡ የሚያወጣት ጠፋ። ኮምፒውተር ነው የማጠናው አለች፣ ቁርጧን አደረገች።

ታዲያ ተማሪው በዛ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሰው እንደ ንብ ይሰፍራል፤ ኪቦርዱ የሚደርሰው ክርኑ ለጠነከረ ነው። ያኔ ነው ባህር ዳር ያለ አንድ አስመጪ ሳጥን ይዞ የመጣ። አንድ ትልቅ እናት ኮምፒውተር ይገዛል፣ ከሷ ጋር ትንንሽ ሳጥን ይገናኛል፣ ከየሳጥኑ ስክሪንና ኪቦርድ ይቀጠላል። አንዷ እናት ለክፍሉ ልጅ ሁሉ ታበላለች። ቲቸር መጀመሪያ በጣም ነው ደስ ያላት። ከዚያ ለናሙና የመጣውን ሳጥን ሰካችው፣ ሾፌሩን ጫነች፣ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ወጣ። አነበበችውና ካቻቢቴዋን ከጸጉሯ መዘዘች። ስትናደድ ነው እንዲህ የምታደርገው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ኮሎኔሉ ረክሻለሁ ነው የሚለው።»

«ማለት?»

«የተቆለፈ ሾፌር ውስጤ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ብታመም ሐኪሞቼ ውስጤን አይተው አያክሙኝም ማለቱ ነው። ውሻ የላሰው ድስት በለው።»

ባሻ ከበሩ ላይ «ጸበል ይረጭበታ!» አሉ።

ግዢውን የሚወስን ኮሚቴ ተሰበሰበ። እኔም አለሁበት፤ አፌ ስለማያርፍ የተማሪ ተወካይ አድርገውኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን እያየ ነው። ሆዱ ምሳ ይላል።

«ቲቸር፣ በአጭሩ ንገሪን። ይሄ ሳጥን ከገባ ምን ይሆናል?»

«ሾፌሩ የተቆለፈ ስለሆነ ከርነሉ ይረክሳል!»

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። «ይረክሳል?»

«ይረክሳል!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ ስልህ! ሳጥኑ ሲገባ ወዲያው ይረክሳል!»

ሰውየው ወደ ኮሚቴው ዞረና እጁን ዘረጋ። «ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል ጎበዝ? እኛስ የምንፈልገው እንዲረክስ አይደል?»

አጨበጨቡ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡ። እሷ የሚያሾፉባት መሰላት፤ ፊቷ በርበሬ ሆነ። እኔ ነገሩ ገባኝና ብድግ አልኩ። «ኧረ ዋጋው ማለቷ አይደለም! ርካሽ አይደለም፣ እርኩስ ማለቷ ነው!»

ይሄኔ ነው የባሰው። «አንተ! የመንግስት ግዢ ነው እርኩስ የምትለው? ማንን ነው እርኩስ ያልከው?» አለና በሩን አሳየኝ። እየወጣሁ የሰማሁት የሷን ድምጽ ነው። «ደንቆሮዎች! ጆሮ የተሰጣችሁ መነጽር ልታንጠለጥሉበት ነው?» አለቻቸው። እሷም ጥፋት አላት እላለሁ እኮ፤ አፏ። ቀስ ብላ ብታስረዳቸው ኖሮ ምናልባት ይገባቸው ነበር። ቀስ ማለት ግን አልፈጠረባትም።

ሳጥኑ ተገዛ።

አልዋሻችሁም፣ ሰራ። አንድ ዓመት አልፎትም ሰራ። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ወጡ፣ ተማሪ ሁሉ ስክሪን አገኘ። ሊቀመንበሩ በመንገድ ባገኛት ቁጥር «እህሳ ቲቸር፣ ረከሰ አይደል?» እያለ ይስቅባታል። እሷ «ሲያርስስ ያርሳል አልኩ እኮ» ብላ ታልፈዋለች። እኔ አስረኛ ክፍል ፈተና ወደቅሁና ባጃጅ ላይ ወጣሁ። አበቡ አልፋ አስራ አንደኛ ገባች። ቲቸር ደግሞ ደንበኛዬ ሆነች፤ ስትሳፈር «ክፍት ነው?» ትለኛለች፣ ባጃጅ በር የለው!

ከዚያ በክረምቱ መብረቅ ወረደ። የእንጅባራን መብረቅ ታውቁታላችሁ። እናትየዋን ኮምፒውተር አቃጠላት። ይሁን፣ ይተካል ተባለና አዲስ እናት መጣች። ጭንቁ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው፤ አንዴ ብቻ ነው የምናገረውና ልብ በሉ። አዲሷ እናት አዲስ ናት፤ አሮጌው ኮሎኔል አያውቃትም፣ አልነሳም አለባት። ከርነሉ በየጊዜው እየታደሰ ይወጣልና አዲሱ ኮሎኔል ተነሳባት፤ ሳጥኑን የሚነዳው የተቆለፈው ሾፌር ግን የሚያውቀው አሮጌውን ኮሎኔል ብቻ ነው። ክፍት ቢሆን ኖሮ ቲቸር አንድ ሁለት መስመር አስተካክላ ታስገባዋለች፤ የሌላውን ዕቃ ሾፌር ሁሉ እንዲያ ነው የምታደርገው። የተቆለፈን ነገር ምን ታድርገው? ላቡ ሙሉ ስክሪን ጥቁር ሆነ።

ካምፓኒው ጋ ኢሜይል ጻፈች። «ያ ሞዴል ቀርቷል፣ አዲሱን ግዙ» አሏት። «እሺ፣ ከቀረ የሾፌሩን ኮድ ስጡንና እኛው እንጠግነው» አለች። «የንግድ ምስጢር ነው» አሏት። መልሳቸውን ባጃጄ ውስጥ ሆና ነው ከስልኳ ያነበበችልኝ።

«በሬው ሞቷል ይሉኛል። እሺ በሬው ከሞተ ቀንበሩን ስጡኝ፣ እኔ በሌላ በሬ ልረስበት እላለሁ። አይ፣ ቀንበሩ ምስጢር ነው! የሞተ በሬ ቀንበር አቅፈው ይተኛሉ እንዴ እነዚህ ሰዎች?»

ትምህርቱ ግን አይቆምም ተባለ፣ ፕሮግራም ነዋ! ቲቸር ካርቶን ቆራርጣ ኪቦርድ ሳለችበት። ያ ሁሉ ተማሪ ካርቶን ይጫናል። «ኤን ተጫኑ» ስትል ካርቶኑ ጠቅ እንኳ አይልም። በአንድ የገበያ ቀን የአበቡ አባት ስንቅ ሊያደርሱላት በኔ ባጃጅ መጡና በመስኮት አዩዋት፤ ልጃቸው ፊቷ ጥቁር ስክሪን ተደቅኖ ካርቶን ትነካካለች። ቲቸርን ወደ ውጭ ጠሯት።

«እንግዲህ እህቴ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ቤት ተከራይቼ፣ ስንቅ ተሸክሜ የማስተምራት ካርቶን እንድትጫን ነው?»

«አባባ፣ ይነሳል። እኔ አስነሳዋለሁ።»

«መቼ?»

ቲቸር ካቻቢቴዋን ከጸጉሯ መዘዘችና መልሳ ሰካችው። 

«እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ» አሉ ሰውየው። «ከፋሲካ በኋላ ልጄን እወስዳለሁ። ክፉ ሰው አድርገሽ እንዳታይኝ።»

ይሄን የምነግራችሁ ነገሩ ምን ላይ እንደነበረ እንድታውቁ ነው። የማሽን ጉዳይ አልነበረም። የአበቡ ጉዳይ ነበር።

አስመጪው አንድ መላ አለኝ ብሎ ነበር። የተሰረቀ ዊንዶውስ ይጫንና በሱ ሾፌር ይሰራል አለ። ቲቸር እምቢ! በዚህ ተጣላን። ባጃጄን ዳር አስያዝኩና «ቲቸር፣ ሴትዮ! አበቡ ልትወሰድ ነው። የተሰረቀም ይሁን፣ የተለመነም ይሁን፣ ጫኚውና ስክሪኑ ይብራ!» አልኳት።

«የሌባ ቁልፍ ነው። የከፈተልህ ራሱ መልሶ ይዘጋብሃል።»

«ሲዘጋ ያኔ እናያለና!»

«እኔ ያንን ያኔ ከአሁኑ አይቼዋለሁ» አለች። ወረደችና በጭቃው በእግሯ ሄደች። ካልሰደበችኝ በጣም ተናዳለች ማለት ነው። እኔም ተናደድኩ፤ ይቺ ሴት የልጅቷን ዕድል በግትርነቷ ልትሸጠው ነው ብዬ።

ሰንበት ብሎ ወሬ ወጣ። «ቲቸር አንጓች ሾፌር እየሰራች ነው» ተባለ። የባጃጅ ልጆች «ለኔም አንድ ስሪልኝ፣ የኔው ይሰክራል» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ የምር ነበር። አንዱን ሳጥን በካቻቢቴዋ ከፈተችው፤ እናትየዋ ስታወራው ሳጥኑ ምን እንደሚመልስ መስመር በመስመር እየሰማች የራሷን ሾፌር መጻፍ ጀመረች። ክፍት የሆነ ሾፌር። ኔትወርክ ሲኖር ኢንተርኔት ላይ ገብታ ጠየቀች፤ ለካ በሌላ አገርም ያው ሳጥን የሞተባቸው አስተማሪዎች አሉ! ስም አይተዋወቁ፣ ቋንቋ አይግባቡ፣ እየቆራረሱ ያገኙትን ላኩላት። ባጃጄ ውስጥ ዘላ ገብታ ጣሪያውን በጡጫ መታችው። «ወንፈል መጡልኝ! ሰማህ ወይ? ወንፈል መጡልኝ!»

ፋሲካ ሊገባ ሲል ባሻ ተገኘ መንገድ ዳር ቆመው ባጃጄን አስቆሙኝ። «ና ና፣ ኮሎኔሉ ሳጥኑን አዘዘው!» አሉ። ሮጥኩ። እውነትም አንዱ ስክሪን በርቷል። አረንጓዴ ሆኗል፣ ደግሞ ተገልብጧል። ጽሁፉ ራስጌው ወደ ታች ነው። አበቡ ወንበሩ ላይ አንገቷን ቆልምማ፣ ጸጉሯ ኪቦርዱ ላይ ወድቆ፣ ያንን አገውኛ ቃል ተገልብጣ ታነባለች። ከኋላዋ ተማሪው ሁሉ አንገቱን ቆልምሟል። ባሻም ቆልምመዋል። ቲቸር በቦቲ ጫማዋ መሀል ቆማ ትከሻዋን ትሰብቃለች። «ግልባጩ ብቻ ነው የቀረኝ! እሱን ላቃናውና ሁሉም ሳጥን ይነሳል!»

በሩ ላይ ሰዎች ቆመዋል። ሊቀመንበሩና ሱሪያቸውን ከጭቃ የሰበሰቡ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። የተገለበጠውን ስክሪን አዩ፣ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ የተበተነውን ሳጥን አዩ፣ አንገቱን የቆለመመውን ተማሪ አዩ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ አንዱ።

«ሾፌር ነው!» አለች፣ ፊቷ እያበራ።

«የቱ ሾፌር? ንብረቱን ማን ፈቅዶልሽ ፈታሽው?»

«ስለተቆለፈ ነዋ! ያኔ ነግሬያችሁ የለ? ይረክሳል አላልኳችሁም?»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስክሞት አልረሳትም። «ጎሽ፣ እንኳን አስታወስሽን። ራስሽ አይደለሽ እንዴ ይረክሳል ብለሽ ያስገዛሽን? ኮሚቴው ባለሙያ አምኖ ገዛ። አሁን ደግሞ አፈራርሰሽ ገለበጥሽው።»

ይሄኔ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ማስረዳት ነበረበት። እሷ «ደንቆሮ» አለች። አሁንም «ደንቆሮ» አለች። በግምገማ ንብረት ያበላሸች፣ አለቃ የማታከብር ተባለችና ወደ ቆላ ተዛወረች፤ ከጫግኒም ወዲያ፣ ኮምፒውተር አይደለም መብራት ወደሌለበት።

መናኸሪያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሻንጣዋ አንድ፣ ድንቿ በፌስታል። ሚኒባሱ ሲሞላ አንገቷን በመስኮት አወጣች። ደህና ሁን ምናምን የለም።

«ሳጥኖቹን እንዳይጥሏቸው ለባሻ ንገር» አለችኝ። «ግልባጩ ብቻ ነው የቀረኝ። እዚያ ኔትወርክ ካገኘሁ ጨርሼ እልከዋለሁ።»

ኔትወርክ አላገኘችም። ፋሲካ አለፈ፤ የአበቡ አባት እንዳሉት መጥተው ልጃቸውን ወሰዱ። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚገርማችሁ፣ እሷ እንደሄደች ያንን የተሰረቀ ዊንዶውስ አስጫኑት። በራ። ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ንግግር አደረገ። ብዙ ሳይቆይ እያንዳንዱ ሳጥን የፈቃድ ቁጥር አምጡ አለ፣ ቁጥሩን የሚሰጠው ካምፓኒ ደግሞ ሞዴሉ ቀርቷል አለ፣ ስክሪኑ አንድ በአንድ ጠፋ። የከፈተልህ ራሱ መልሶ ይዘጋብሃል ብላኝ ነበር። ልክ ነሽ እንኳ ሳልላት።

እንግዲህ ያን ቀን፣ አበቡ መርዶውን ከነገረችኝ በኋላ፣ ወደ መናኸሪያ አልሄድኩም። እሷም ወዴት ነው አላለችኝም። ጆንያ ከሰሉን እንደጫንን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምን። ባሻ ተገኘ ሰምተዋል፤ ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ይዘዋል። ሳንጠይቃቸው ወደ ላቡ ወሰዱን። አሁን የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ነው። ሳጥኖቹ ግን ጥጉ ላይ ተደርድረዋል፣ በላስቲክ ተሸፍነው። የሸፈኗቸው ባሻ ናቸው። እንዳይጥሏቸው ብላለቻ።

አበቡ የከሰል እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና አንዱን ሳጥን አነሳች። አገላበጠችው። ከዚያ አንዱ ጥቁር ስክሪን ፊት ቆማ፣ ምንም የሌለበት ስክሪን ፊት፣ አንገቷን ቀስ አድርጋ ቆለመመች። ባሻ «ኮሎኔሉ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

አሁን እናንተን ነው የማናግረው። እናንተ ሾፌር ቆልፋችሁ የምትሸጡ፤ ራሳችሁ ሞቷል ያላችሁት በሬ ቀንበር ምን ይሰራላችኋል? ሴትየዋ የቀራት እኮ ግልባጩ ብቻ ነበር! እናንተ ኮሚቴዎችም፣ በየስብሰባው ምሳ ሰዓት እያያችሁ የምታጨበጭቡ፤ ይረክሳል ብላ ስትጮህ እሰይ ብላችሁ የገዛችሁ። እሷ አፈር ለብሳለች፣ አበቡ ከሰል ትሸከማለች፣ ላቡ ተዘግቷል። እስቲ አሁን ዓይኔን እያያችሁ መልሱልኝ፤ ምኑ ነው የረከሰላችሁ? ዋጋው ነው? ኮሎኔሉ ነው? ወይስ እኛ ነን?